ሒሳቡ ላይ የማይታይ ወጪ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንደምታውቁት አንድ ትልቅ ደንበኛ የስፌት ቡድናችንን «ሌላውን ሥራ ተዉና ለእኔ ብቻ ስፉ» ብሎታል። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ብሩን አስልቼዋለሁ፤ ዋጋው ጥሩ ነው። ከመወሰናችን በፊት ግን በዚህ መንገድ ቀድመውን የሄዱትን እንይ።

የአሜሪካና የአውሮፓ ኩባንያዎች ልብሳቸውን ጉልበት ርካሽ በሆነበት አገር ማሰፋት ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ሐሳባቸው ወጪ መቀነስ እንጂ ሰው መጉዳት አልነበረም። ነገር ግን ወጪው አልጠፋም፤ ወደ ሌላ ሰው ተሻገረ።

ባንግላዴሽ ውስጥ፣ ዳካ አጠገብ፣ ራና ፕላዛ የሚባል ሕንፃ ነበረ። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም ግድግዳው ተሰንጥቆ ሲታይ ከታች ያሉት ባንክና ሱቆች ተዘጉ። ከላይ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ግን በማግስቱ ሥራ ግቡ ተባሉ። ሕንፃው ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ።

በእኛም አገር የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም ሲመረቅ ብዙ ወጣት ሴቶች ከየገጠሩ መጥተው ተቀጠሩ። ልብሱ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የሚገባው በአጎዋ ነበር። በጦርነቱ ምክንያት ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር 2014 ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ደግሞ አገራችን ከአጎዋ ወጣች። የጥጥ ቲሸርት ቀረጥ ያኔ 16.5 በመቶ ነበር፤ የ100 ብሩ ልብስ ለገዢው 116 ብር ከ50 ሳንቲም ሆነ ማለት ነው። ገዢው ትእዛዙን ወደ ኬንያ ማዞር ይችል ነበር። ልጅቷ ግን የቤት ኪራይ አለባት፤ ለእናቷም የምትልከው አለ።

ላኪዎቹም ቢሆኑ አላመለጡም። በኮሮና ጊዜ ሀብታሞቹ አገሮች ራሳቸው ማስክ የሚሰፋላቸው አጥተው ተቸግረው ነበር።

ይህን ስል ሥራውን አንቀበል ማለቴ አይደለም። ለብዙ የሐዋሳ ልጆች ያ ደመወዝ የመጀመሪያቸው ነበር። የምለው ሦስት ነገር ነው፦

1. ከጉልበታችን ከግማሽ በላይ ለአንድ ደንበኛ አንስጥ። የሠፈር ደንበኞቻችንን፣ የተማሪ ዩኒፎርሙንም እንያዝ።

2. ደንበኛው የጨርቁን ዋጋ በቅድሚያ ይክፈል። ትእዛዙን ቢሰርዝም የተሰፋውን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ።

3. ከየትእዛዙ ትርፍ ጥቂት እየቀነስን ለክፉ ቀን እናስቀምጥ።

ደጋፊዎቻችን፣ የሰጣችሁን የስፌት መኪናዎች ዛሬም እየሠሩ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዘንድሮ ግን ከአዲስ መኪና ይልቅ ውሉን የሚያይልን የሕግ ባለሙያ ብታገኙልን ይበልጥ ይጠቅመናል።

እህቶቼ፣ ደንበኛው ሲያቀርብልን የሚያሳየን የሚከፍለንን ነው። እሱ የሄደ ቀን እኛ የምንከፍለውን ማስላት የእኛ ፋንታ ነው። ድምፅ ስትሰጡ ሁለቱንም አስቡልኝ።