«ሃይማኖት» በሚለው መስመር ላይ ምን እንጻፍ?

በመሥሪያ ቤት ቅጽ ላይ «ሃይማኖት» የሚል ባዶ መስመር ሲገጥማችሁ «ክርስቲያን» ብላችሁ ታልፋላችሁን? ወይስ «ኦርቶዶክስ»፥ «ካቶሊክ»፥ «ፕሮቴስታንት» ብላችሁ ትለያላችሁ?

ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉት በአንጾኪያ እንደ ሆነ የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 11 ይመሰክራል። ቅዱስ ጳውሎስም የቆሮንቶስ ምእመናን በእርሱ፥ በአጵሎስና በኬፋ ስም ቢከፋፈሉ ገሥጿቸዋል። ይህን ይዞ፥ የመለያ ስም ሁሉ ይቅር የሚል ሰው አይታጣም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የክርስቶስ ነን ባዮቹም በዚያው ከተከፋፈሉት ጋር ተቈጥረዋል። ባዶ ስም መያዝ ብቻውን ከወገንተኝነት አያድንም።

ደግሞም ስሙ ታሪክ አለው። «ተዋሕዶ» ትርጓሜው አንድ መሆን ሲሆን፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ451 ዓ.ም. በኬልቄዶን ጉባኤ ቤተ ክርስቲያንን የከፈለውን ክርክር እስከ ዛሬ ተሸክሞ ይኖራል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራም ሦስቱ ወገኖች ለየብቻቸው ተመዝግበዋል።

ስሙ የሚከብደው ግን በመዝገብ ላይ ሳይሆን በመቃብር ቦታ ነው። ሟቹ በሕይወቱ ሳለ «ክርስቲያን ነኝ፤ ይበቃል» ብሎ አልፎት እንደ ሆነ፥ አስከሬኑ በየትኛው ቅጽር ይረፍ በማለት ወንድማማች በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ይካሰሳሉ። ስለዚህ በእኔ አስተያየት፥ ሰው የማኅበሩን ስም ለመዝገብ ሹሙ ከመጻፉ አስቀድሞ ለቤተ ሰቡ ይንገር።