አንጎልም ቀለብ አለው
(ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



አንድ የክፍል ጓደኛችሁ ለሳምንታት አንገቱን ደፍቶ፣ ምግብ አልበላ፣ እንቅልፍ አልመጣ፣ ትምህርት አልገባ ቢለው ምን ትሉታላችሁ? “ሰነፈ”? “ያካብዳል”? “ለከፈው”? ፍርዱን ትንሽ እናቆየውና አንድ ታሪክ ላውራችሁ።

ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ የምትባል ጣሊያናዊት ሐኪም ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1938 የሙሶሊኒ መንግሥት ባወጣው የዘር ሕግ ምክንያት፣ አይሁዳዊት በመሆኗ ከዩኒቨርሲቲ ሥራዋ ተባረረች። እሷ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ቱሪን ከተማ ባለው ቤታቸው መኝታ ክፍሏን ላቦራቶሪ አደረገችው። የልብስ መርፌ ሞርዳ የቀዶ ጥገና መሣሪያ ሠራች፤ የዶሮ እንቁላል እየከፈተች የጽንሱን ነርቮች አጠናች። (የእኛ ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ዕቃ የለውም ለምትሉ!) በ1947 ወደ አሜሪካ ተሻገረች። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ የአይጥ ዕጢ ከዶሮ ጽንስ ነርቮች አጠገብ ስታስቀምጥ፣ ነርቮቹ እንደ ፀሐይ ጨረር በየአቅጣጫው ሲወጡ አየች። ዕጢው ነርቭን የሚያሳድግ ንጥረ ነገር ያመነጭ ነበር። በ1986 ከባልደረባዋ ከስታንሊ ኮኸን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ያረፈችው በ2012፣ በ103 ዓመቷ ነው።

በ1982 ደግሞ ኢቭ-አላን ባርድና ሃንስ ቶነን የተባሉ ተመራማሪዎች ጀርመን ውስጥ ከአሳማ አንጎል ሌላ ተመሳሳይ ንጥረ ነገር አወጡ። ስሙ በአጭሩ ቢዲኤንኤፍ ይባላል። የአንጎል ሕዋሳት እንዳይሞቱና እርስ በርስ አዲስ ግንኙነት እንዲፈጥሩ ያግዛል። ሂፖካምፐስ በሚባለው፣ ትውስታን በሚይዘው የአንጎል ክፍል ውስጥ በብዛት ይገኛል።

ታዲያ ከድብርት ጋር ምን አገናኘው? ለረጅም ጊዜ የቆየ ጭንቀት በቤተ ሙከራ እንስሳት ሂፖካምፐስ ውስጥ ይህን ንጥረ ነገር ይቀንሰዋል። ሕክምና ያልጀመሩ የድብርት ሕሙማን ደም ሲለካም በአማካይ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። የድብርት መድኃኒቶች በእንስሳት ላይ ሲሞከሩ መልሰው ከፍ ያደርጉታል፤ ግን በአንድ ቀን አይደለም። አንድ ሰው መድኃኒት በጀመረ በሦስተኛው ቀን “ምንም አልሠራልኝም” ብሎ ቢወረውር የሚጎዳው ለዚህ ነው፤ ለውጡ ሳምንታት ይፈልጋል።

ነገሩ ሁሉ የአንድ ንጥረ ነገር ጣጣ ነው ማለቴ አይደለም። ዘር፣ ሐዘን፣ ችግር፣ ብቸኝነት ሁሉም ድርሻ አላቸው። ደም ተመርምሮ “ድብርት አለብህ” የሚባልበት መንገድም የለም።

እንቅስቃሴስ? በ2011 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 120 አረጋውያንን ተከታትሏል። ግማሾቹ ለአንድ ዓመት በሳምንት 3 ቀን፣ እስከ 40 ደቂቃ በእግራቸው ሄዱ። ሂፖካምፐሳቸው በ2 በመቶ ገደማ አደገ፤ ሰውነት ማፍታታት ብቻ የሠሩት ግን ቀነሰባቸው። በእግራችሁ ከትምህርት ቤት የምትመለሱ ልጆች፣ በታክሲ ተሳፋሪው አትቅኑ!

ግን ያንን ጓደኛችሁን “ሩጥ፣ ይለቅሃል” ብላችሁ አትሸኙት። ከአልጋ መነሳት ያቃተው ሰው እንዴት ይሮጣል? አብራችሁት ሂዱ፤ ጤና ጣቢያ ድረስም ቢሆን። ጠበል የሚሄድ ከሆነ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ንገሩት። ስለ መሞት ካወራ ደግሞ ምስጢር ነው ብላችሁ አትያዙት፤ ለብቻው ሳትተዉት ለወላጅ ወይም ለመምህር በዚያው ቀን ተናገሩ።

አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።