ሮማን ደም ይተካል?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ምክንያት በጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ለአባላትና ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ ንግግር)





በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ብድር አመላለስና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነጋገር የተለመደ ነው። የዛሬው ንግግር ግን ስለ አንድ ፍራፍሬ፣ ያውም በኒውላንድ ጓሮዎች ብዙም ስለማይታይ ፍራፍሬ ነው። እሱም ሮማን ነው። ለርዕሱ መመረጥ ምክንያቱ በየቤቱና በየገበያው "ሮማን ደም ይተካል" የሚል ወሬ መኖሩ ነው። ወሬው ጤነኛ ሰው ቤት ሲገባ ጉዳቱ የጥቂት ብር ብቻ ነው። እርጉዝ እናት ያለችበት ቤት ሲገባ ግን ከብር ያለፈ ነገር ሊያስከፍል ይችላል።

ሮማን በስሙ ለማንም እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት የሊቀ ካህናቱ ቀሚስ ታችኛው ዘርፍ የወርቅ ሻኩራና ሮማን እየተፈራረቁ እንዲደረጉበት ታዟል። በቅዱስ ቁርአንም ውስጥ በሦስት ቦታ ተጠቅሷል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም መስጊድ የሚሄደውም ስሙን ከልጅነቱ ሰምቶታል። ዛፉን ያየው ግን ጥቂት ነው። የተክሉ መገኛ ከዛሬዋ ኢራን እስከ ሰሜን ህንድ ያለው አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ ተነስቶ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል። ወደ ጋምቤላ ከመሐል አገር የሚመጣ ፍራፍሬ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው የሚደርሰው፤ የመኪናው ኪራይም በፍሬው ዋጋ ላይ መጨመሩ አይቀርም።

ሮማን ጥሩ ምግብ መሆኑን መካድ አይቻልም። 100 ግራም የሚሆነው የሚበላው ቀይ ፍሬ ወደ 83 ኪሎ ካሎሪ ኃይል፣ 4 ግራም ፋይበር፣ 236 ሚሊ ግራም ፖታሲየም፣ 10 ሚሊ ግራም ያህል ቫይታሚን ሲ እና 38 ማይክሮ ግራም ፎሌት ይሰጣል። ከዚህ በተጨማሪ ፖሊፌኖል የሚባሉ፣ የሰውነትን ሴሎች ከጉዳት በመከላከል ረገድ ብዙ የተጠኑ ንጥረ ነገሮች አሉት። የሮማን ጭማቂ የደም ግፊትን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ ያሳዩ ጥናቶችም አሉ። በመጠኑ የሚለው ቃል ይሰመርበት። የግፊት መድኃኒት ታዞለት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ትቶ ጭማቂ ቢጠጣ ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል።

አሁን ወደ ደሙ ጉዳይ እንዲገባ ይሁን። ለምሳሌ ያህል አንድ ቤተሰብ ይወሰድ። እናት የስድስት ወር እርጉዝ ናት። ባለፈው ክረምት ወባ ጥሏት ነበር። ስትነሳ ያዞራታል፣ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ልቧ ይመታል፣ የዓይኗ ሽፋን ውስጡ ነጥቷል። ጤና ጣቢያ ሄዳ ስትመረመር የደም ማነስ እንዳለባት ተነግሯት የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ተሰጥቷታል። ኪኒኑን ሦስት ቀን ስትወስድ ያቅለሸልሻታል፣ ዓይነ ምድሯም ይጠቁራል። ትደነግጥና ትተወዋለች። በዚህ መሐል ባልየው "ሮማን ደም ይተካል" የሚለውን ይሰማል። ሚስቱን የሚወድ ሰው ነውና ፍየል ሸጦ አዲስ አበባ ላለ ወንድሙ ይደውላል፤ ሮማንና በካርቶን የታሸገ ጭማቂ ይላክለታል። በቤቱ ያለው ሁሉ ደስ ይለዋል። ኪኒኑ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል።

ይህ ሰው ምን አጠፋ ቢባል፣ ቀለም አታለለው እንጂ ፍቅር አልጎደለውም። ቀይ ነገር ሁሉ ደም አይሆንም። ደም እንዲሠራ በተለይ የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን ሲሆን፣ በ100 ግራም የሮማን ፍሬ ውስጥ ያለው ብረት 0.3 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። አንዱ የብረት ኪኒን ብዙውን ጊዜ 60 ሚሊ ግራም ብረት ይይዛል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የአንዷን ኪኒን ያህል ብረት ከሮማን ለማግኘት በቀን 20 ኪሎ የተፈለፈለ ፍሬ መብላት ያስፈልጋል። ይህን ማንም ሰው አይችለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእርጉዝ እናት በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ እንዲሰጥ የሚመክረውም፣ በእርግዝና ጊዜ የሚያስፈልገውን ብረት ከምግብ ብቻ ማሟላት አስቸጋሪ በመሆኑ ነው።

የደም ማነስ በእርጉዝ ሴት ላይ ሲበረታ ልጁ ያለ ጊዜው ወይም ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል። እናትየውም በወሊድ ጊዜ ደም ሲፈሳት የምትቋቋምበት አቅም አይኖራትም። በሰላሙ ጊዜ ትንሽ የሚመስለው ማነስ፣ በምጥ ሌሊት የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል።

ደግሞም ደሙ ለምን አነሰ ተብሎ መጠየቅ አለበት። በጋምቤላ ቆላ ቀዳሚው ተጠርጣሪ ወባ ነው። የወባ ተሕዋስ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ሴሉንም አፈንድቶ ይወጣል። በባዶ እግር እርጥብ አፈር በሚረገጥበት ቦታ ደግሞ ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል በእግር ቆዳ ገብቶ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጣል። በላይ በላዩ መውለድም የእናትን የብረት ክምችት ያሟጥጣል። ባሮ ሞልቶ ወባ በሚበዛበት ወቅት አጎበር ሳይጠቀሙ ሮማን መብላት በተቀደደ ጆንያ እህል እንደ መጫን ነው።

ስለ ኪኒኑ ጥቂት መባል አለበት፤ ብዙዎች የሚያቋርጡት መረጃ በማጣት ነውና። የዓይነ ምድር መጥቆር ከብረቱ የሚመጣ እንጂ በሽታ አይደለም። የሚያቅለሸልሻት እናት ምግብ ከበላች በኋላ ወይም ማታ ልትተኛ ስትል ብትወስደው ይቀልላታል። ከቡና፣ ከሻይና ከወተት ጋር ግን መወሰድ የለበትም። ቡናና ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን፣ ወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ወተት ዋና ምግብ በሆነበት የኑዌር ቤት ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ወተቱ አይጠላም፣ ለአጥንትና ለልጅ እድገት ጠቃሚ ነው፤ ሰዓቱ ብቻ ከኪኒኑ ይራቅ። ኪኒኑ ደግሞ ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ፤ ልጅ እንደ ከረሜላ ቆጥሮ ብዙ ቢውጥ ሊሞት ይችላል። ይህ ሁሉ ምክር ለኒውላንድ እናቶች በኑዌርኛ ቢነገር ይሻላል። በማይሰሙት ቋንቋ የተጻፈ ፖስተር ግድግዳ ከማሳመር አያልፍም።

ታዲያ ከምግብ በኩል ምን ይደረግ? መልሱ ከባሮና ከጓሮ ነው። ዓሣ፣ ሥጋና ጉበት ውስጥ ያለው ብረት በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። ማሽላ፣ በቆሎ፣ አደንጓሬና ቅጠላ ቅጠል ውስጥ ያለው ብረት ግን እንደዚያ በቀላሉ አይገባም፤ ረዳት ይፈልጋል። ረዳቱ ቫይታሚን ሲ ነው። እዚህ ላይ ነው የጋምቤላ ፍራፍሬ ሮማንን የሚበልጠው። በ100 ግራም ሮማን 10 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ሲኖር፣ በማንጎ ወደ 36፣ በፓፓያ ወደ 60፣ በዘይቱን ደግሞ ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ይገኛል። የማሽላ ገንፎ በአደንጓሬ የበላች እናት ወዲያው አንድ ዘይቱን ወይም ማንጎ ብትጨምር፣ የበላችው ብረት ይጠቅማታል። ከምግቡ ጋር የሚፈላው ቡናም አንድ ሁለት ሰዓት ቢዘገይ ደግ ነው፤ ይህ ለቡና ወዳጅ ከባድ ምክር መሆኑ ይታወቃል።

ማንጎ ሌላም ብልጫ አለው። ብጫ ቀለሙ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር ነው፤ በሮማን ውስጥ ይህ የለም ማለት ይቻላል። ቫይታሚን ኤ የጎደለው ልጅ በመጀመሪያ ሲመሽ ማየት ያቅተዋል፤ ዳፍንት የሚባለው ነው። ሲብስ ዓይኑ ሊጠፋ፣ ኩፍኝና ተቅማጥም በቀላሉ ሊገድለው ይችላል። 200 ግራም የበሰለ ማንጎ አንድ የሁለት ዓመት ልጅ በቀን ከሚያስፈልገው ቫይታሚን ኤ ሲሶውን ያህል ይሸፍናል። ከጥቂት ኦቾሎኒ ወይም ቅቤ ጋር ሲሆን በተሻለ ይዋሃዳል፣ ያለ ስብ ብዙ አይገባምና። ሆኖም በወቅቱ ማንጎ ከዛፍ ሥር ወድቆ ዝንብ ሲወርሰው፣ ያው ቤተሰብ ለታሸገ ጭማቂ ገንዘብ ሲያወጣ ይታያል። ይህ ነገር ያስቆጫል።

ለዩኒየኑ አባላት ሥራው እዚህ ላይ ነው። ማንጎ በአንድ ጊዜ ይደርሳል፣ በአንድ ጊዜ ዋጋው ይወድቃል። የበሰለ ግን ያልላላ ማንጎ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ ተልጦ፣ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ትንሽ በወፈረ ቁራጭ ተቆርጦ በወንፊት አልጋ ላይ ቢደረደርና ከላይ ዝንብና አቧራ እንዳያገኘው ቢሸፈን፣ በጋምቤላ ፀሐይ በጥቂት ቀናት እንደ ቆዳ ይደርቃል። ከ10 ኪሎ በላይ ትኩስ ማንጎ 1 ኪሎ ያህል ደረቅ ይወጣል፤ ቀላል ነው፣ አይበሰብስም፣ ለጭነትም ይመቻል። በቀጥታ የሚያርፍ ፀሐይ የቫይታሚን ኤውን ምንጭ ስለሚያጠፋ ጥላ ያለው ማድረቂያ ይመረጣል። ቫይታሚን ሲ ግን በማድረቅ በብዛት ስለሚጠፋ ደረቁ ማንጎ ትኩሱን ሙሉ በሙሉ አይተካም። ዝናቡ ከገባ በኋላ ማድረቅ ስለሚያስቸግር የመጀመሪያው ምርት እንደደረሰ መጀመር ያስፈልጋል። ለአንድ አባል ከባድ የሚሆነው የማድረቂያ ወጪ ለመሠረታዊ ማኅበር ከባድ አይሆንም።

ወደ ሮማን ለመመለስ፣ አቅም ያለው ሰው ይብላው። ሲበላ ግን ፍሬውን እንጂ ጭማቂውን አያስቀድም፤ ፋይበሩ ያለው ፍሬው ላይ ነው። በካርቶን የሚሸጠው "የሮማን መጠጥ" ብዙ ጊዜ ስኳር የተጨመረበት ስለሆነ የስኳር ሕመምተኛ ጽሑፉን አንብቦ ይግዛ። የኩላሊት ሕመም ያለበትና የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። የዛፉን ሥር ልጥ ለኮሶ ትል ቀቅሎ መጠጣት ጥንታዊ ልማድ ቢሆንም፣ ልጡ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር መጠኑ ሲበዛ መርዝ ነው። ለእርጉዝ ሴት ፈጽሞ አይሰጥ።

"ታዲያ እዚሁ ቢተከልስ?" ለሚል አባል መልሱ በጥቂቱ ይሞከር የሚል ነው። ሮማን ሙቀትንና ድርቅን ይችላል፤ የማይችለው ውኃ የሚተኛበትን ጥቁር አፈር ነው። በባሮ ዳር በየክረምቱ የሚጥለቀለቅ መሬት አይሆነውም። በእርጥበት ወቅት ፍሬው በሻጋታ ይበሰብሳል፣ ውኃ ሲቋረጥበትና ድንገት ሲበዛበት ደግሞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከፍ ያለና ውኃ የሚያሳልፍ ቦታ ይመረጥ። የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የጠነከረ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ሁለት ሦስተኛው በችግኝ አፈር ውስጥ ይቀበር፤ ሥር ሲሰድ በ4 ወይም 5 ሜትር ርቀት ይተከል። ጥሩ ከያዘ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ማፍራት ይጀምራል። ፍሬው ከተቆረጠ በኋላ ስለማይበስል በዛፉ ላይ እንዳለ መድረሱ ይረጋገጥ። በጣት ሲመታ እንደ ብረት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደርሷል፤ ሲለቀምም ሳይጎተት በመቀስ ይቆረጥ።