ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ



እናቴ ስታርፍ መጀመሪያ ያየሁት ሰዓቴን ነው። የሥራ ልማድ። ዕንባ እንኳ አልመጣልኝም፤ ለቀስተኛው «ዶክተሯ ጠንካራ ናት» ሲል እኔም አመንኩ። በሠልስቱ ማግስት ሥራ ገባሁ።

ከአርባዋ በኋላ የአንዲት እናት ደም ግፊት ስለካ ነጠላቸው የእናቴን ቅቤና አደስ ሸተተኝ። «ምነው ልጄ?» ሲሉኝ ነገርኳቸው። መለኪያውን ከክንዳቸው ሳልፈታ አለቀስኩ። (ግፊቱን ደግሜ መለካት ነበረብኝ፤ የእሳቸውም ጨምሮ ነበር።)

የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ እንኳ የተራዘመ ሐዘን ለማለት ቢያንስ 6 ወር ይጠብቃል፤ እኔ ለራሴ የሰጠሁት 3 ቀን ነበር።

አሁን ወላጅ ለሞተበት ተለማማጅ ሐኪም የምደውለው ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው። በልቅሶው ሰሞንማ ሰው ሞልቷል። «ተኝተሃል? በልተሃል?» እለዋለሁ፤ ካስፈለገም ዲዩቲውን እገባለታለሁ።