«ድኛለሁ» እና «እድናለሁ»

(ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ሁለት ነን። አንዳችን በእናቷ የጽዋ ማኅበር ዳቦ ያደገች ኦርቶዶክስ ናት። ሌላችን በመካነ ኢየሱስ መዘምራን መካከል ፀጉሯ የሸበተ፣ ሰፈሩ በጅምላ «ጴንጤ» የሚላት ናት። ርእሱን የመረጠው ኮሚቴው ሳይሆን ለቅሶ ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት አባላችን ስታርፍ፣ ድንኳን ውስጥ አንዷ «ሳትድን መሞቷ ነው የሚያንገበግበኝ» አለች። ሌላዋ «ያንቺንስ መዳን ማን ነገረሽ?» ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ሦስት ሳምንት ከቁጠባ ቀሩ። አንዷ ብድር አለባት፤ ሌላዋ ዋሷ ናት። ነገሩ የሃይማኖት ብቻ መሆኑ ቀርቶ መዝገባችን ውስጥ ገባ።

ጠቡ ያለው ግሡ ላይ ነው። «ድኛለሁ» የምትል እህት ክርስቶስ በመስቀል ላይ የፈጸመውን ታያለች፤ ያለቀ ሥራ ስለሆነ እንዳለቀ ትናገራለች። «እግዚአብሔር ቢፈቅድ እድናለሁ» የምትለዋ ደግሞ የቀራትን መንገድ ታያለች፤ ሳይደርሱ ደረስኩ ማለት ድፍረት ይመስላታል። የአንዷ ትሕትና ለሌላዋ ጥርጣሬ ይሆንባታል፣ የሌላዋ እምነት ለአንዷ ትዕቢት። (በነገራችን ላይ ድኅነትን ከድኽነት እንዳናምታታ ፊደሉን እንጠብቅ፤ ይህ ማኅበር የተቋቋመው ከሁለተኛው ለመውጣት ነው።)

ክርክሩ በእኛ አልተጀመረም። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በአምስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጴላግዮስ የተባለ መምህር፣ ሰው በገዛ ፈቃዱ ትእዛዛትን መጠበቅ ይችላል ብሎ አስተማረ። የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ ግን ጸጋ ካልቀደመ ፈቃዳችን ወደ እግዚአብሔር ዘወር ማለት እንኳ አይሆንለትም አለ። በ418 የካርታጎ ጉባኤ የጴላግዮስን ትምህርት አወገዘ። ምሥራቃውያን አባቶች፣ ለምሳሌ ዮሐንስ አፈወርቅ፣ ለሰው ፈቃድ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጡ። የኦርቶዶክስ ትምህርት ዛሬም በዚሁ መንገድ ነው፦ እግዚአብሔር ይጠራል፣ ይረዳል፤ ሰውም ይመልሳል። ጥምቀት፣ ቁርባን፣ ንስሐና ጾም ለመንግሥተ ሰማያት የሚከፈል ዋጋ አይደሉም፤ ሰው ጸጋውን የሚቀበልባቸውና የሚጸናባቸው ናቸው። «በሥራቸው ሊድኑ ይደክማሉ» የሚል አነጋገር ስንሰማ የምናዝነው ለዚህ ነው።

«ጴንጤ ሁሉ አንዴ ከዳነ ምንም ቢያደርግ አይጠፋም ይላል» የሚለውም እንዲሁ ትክክል አይደለም። ሉተራውያን በ1530 ባወጡት የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ፣ የጸደቀ ሰው መንፈስ ቅዱስን ሊያጣ አይችልም የሚሉትን ተቃውመዋል። መካነ ኢየሱስ የዚህ እምነት ወራሽ ናት። ስለዚህ በዚች ነጥብ የመካነ ኢየሱሷ ከኦርቶዶክሷ ጎን ትቆማለች ማለት ነው። ሁለታችን ይህን ስንጽፍ ተያይተን ሳቅን።

በፕሮቴስታንቶች መካከል ሙግቱ የጦፈው በሆላንድ ነው። ያዕቆብ አርሚኒየስ በ1609 ሲሞት ተከታዮቹ በዓመቱ አምስት አንቀጽ ያለው አቤቱታ አቀረቡ። ጸጋ ይቀድማል፣ ሰው ግን እምቢ ሊል ይችላል አሉ። አማኝ ጨርሶ ሊወድቅ ይችላል ወይ በሚለው ላይ ግን ከመጻሕፍት ገና ሊመረመር ይገባል ብለው ተዉት። እኛ ድንኳን ውስጥ በአንድ አፍ የቆረጥነውን፣ እነዚያ ሊቃውንት ጊዜ ጠየቁበት! ከ1618 እስከ 1619 የተሰበሰበው የዶርት ጉባኤ የካልቪንን መንገድ ይዞ መለሰላቸው፦ እግዚአብሔር የመረጠውን እስከ መጨረሻ ይጠብቃል። ነገር ግን እውነተኛ አማኝ ክፉኛ ሊወድቅ እንደሚችል አልካደም፤ ዳዊትንና ጴጥሮስን በምሳሌነት ይጠቅሳል። ኋላም ጆን ዌስሊ ሰው ሊወድቅ ይችላል፣ የወደቀም ሊመለስ ይችላል ሲል አስተማረ።

ዋስትና የሚለው ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዋስ የሆነች እህት፣ ተበዳሪዋ ባትችል ከራሷ ቁጠባ ትከፍላለች። የዕብራውያን መልእክት በምዕራፍ 7 ክርስቶስን ዋስ ብሎ ይጠራዋል። «ድኛለሁ» የምትለዋ የምትመካው በዋሷ እንጂ በራሷ አቅም አይደለም፤ ይህን ከተረዳንላት ትዕቢት አይመስለንም። ዋስ አለኝ ብላ ብድሩን የምትረሳ ተበዳሪ ግን ምን እንደምንላት ታውቃላችሁ። የዶርት ሰዎችም ይህን ስጋት ስለሚያውቁ፣ መጠበቅን ማመን ለስንፍና ፈቃድ አይሆንም ብለዋል።

አሁን ወደሚያሳስበን እንምጣ። በየስብሰባው የምንሰማው የካልቪንም የአርሚኒየስም ትምህርት አይደለም፤ «ዕድሌ ነው» የሚለው ነው። ባሏ ሲመታት «መስቀሌ ነው»፣ ልጅቷ ከትምህርት ስትቀር «የተጻፈላት ነው»፣ ንግዷ ሲከስር «እግዜር አልፈቀደም»። ይህን ያስተማረ ቤተ ክርስቲያን የለም። በ81ዱ መጻሕፍት ውስጥ የምናነበው ሲራክ በምዕራፍ 15፣ እሳትና ውኃ ከፊትህ ናቸው፣ እጅህን ወደ ወደድኸው ስደድ የሚል አሳብ አለው። ስለ ምርጫ አጥብቆ የተናገረው የዶርት ጉባኤ እንኳ፣ ጸጋ ሰውን እንደ ግንድና እንደ ድንጋይ አይጎትትም ብሏል። የሚመታው እጅ የባልየው ነው፤ በእግዚአብሔር ስም ልናሳብብለት አይገባም። ሙስሊም አባሎቻችን ስለ ቀደር በእነሱም ዘንድ ተመሳሳይ ጥያቄ እንዳለ ነግረውናል፤ እሱን ግን ለእነሱ እንተወዋለን።

ሁለተኛው የሚያስጨንቀን ፍርሃት ነው። አልጋ ላይ የዋለች ሴት በዕብራውያን 6 አስፈራርተዋት «ለእኔ ንስሐ አብቅቷል» ስትል ሰምተናል። ያ ምዕራፍ ከባድ ነው፣ ቀላል ነው ብለን አናታልላትም። ግን በዚያው ምዕራፍ ጸሐፊው አንባቢዎቹን ወዳጆች ብሎ እየጠራ፣ ስለ እነሱ የሚበልጠውን እንደሚያምን ይናገራል። ደግሞም የጨከነች ነፍስ መች በመጨከኗ ታለቅሳለች? ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ክዶ አለቀሰ፣ ተመለሰም፤ ሉቃስ በምዕራፍ 22 እንደሚነግረን ከመውደቁ በፊት ተጸልዮለት ነበር። እዚህ ላይ ፈቃድና ጸጋ የት ጋ እንደሚለያዩ መቁረጥ ለእኛ ከባድ ነው፤ ጴጥሮስም የቆረጠ አይመስለንም። ኦርቶዶክሷ የንስሐ በር እስከ መጨረሻው ትንፋሽ ክፍት ነው ትላለች፤ ጌታችን በቀኙ የተሰቀለውን ወንበዴ ታስታውሳለች። ወንጌላዊቷ በዮሐንስ 10 ስለ እረኛው እጅ የተነገረውን ትይዛለች።

ስለዚህ ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረን ይህን ወስነናል። የታመመች ለመጠየቅ ተራ የደረሳት እህት ከዚህ ወር ጀምሮ «ድነሻል ወይ?» ብላ አትጠይቅም። የምትጠይቀው «ማንን ልጥራልሽ?» ብላ ነው። የንስሐ አባቷን ካለች የንስሐ አባቷን፣ መጋቢዋን ካለች መጋቢዋን ሄዳ ታመጣለች። የታክሲው ከማኅበራዊ መዋጮው ይከፈላል፤ ታክሲ ደረሰኝ ስለማይሰጥ ጸሐፊዋ በቃል ተቀብላ ትመዘግባለች።