የሪህ በሽታና የአስታማሚው ድርሻ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለነርሶች የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የሪህ በሽታ አያያዝ ነው። ርእሱን ስቀበል ትንሽ ቅር ብሎኝ እንደ ነበር አልደብቅም። የድግስ ወዳጆች በሽታ እየተባለ የሚቀለድበት ነገር በመሆኑ ለእንዲህ ያለ ጉባኤ የሚበቃ መስሎ አልታየኝም። ነገር ግን ያለፈውን የሥራ ዘመኔን መለስ ብዬ ስመረምር በዚሁ በሽታ ረገድ በገዛ እጄ የፈጸምሁት ስሕተት ትዝ ስላለኝ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ከአዲስ አበባ ውጭ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ሳገለግል፣ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ በየጊዜው ይመጡ ነበር። የስፌት መኪናቸውን የሚረግጡበት የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ሥሩ ድንገት እያበጠና እየጋለ፣ ሌሊት የጋቢ ክብደት እንኳ አላስችል ይላቸዋል። ሐኪሙ አሎፑሪኖል አዘዘላቸው። በሦስተኛው ሳምንት እግራቸው እንደገና አብጦ፣ በልጃቸው ተደግፈው መጡና «ይኸው መድኃኒታችሁ አባሰብኝ» አሉኝ። እኔም «አባባ፣ እንግዲያውስ ይተዉት» አልኋቸው። ይህ እንዳይበቃኝ፣ ሥጋ ብቻ ሳይሆን ሽሮና ምስርም ፈጽሞ እንዳይቀምሱ አስጠነቀቅኋቸው። ከዓመታት በኋላ ስንገናኝ በእጅ ጣቶቻቸው አንጓ ላይ ጠጠር የሚያህሉ እብጠቶች ወጥተው መርፌ መያዝ ተስኗቸው ነበር። ሁለቱም ምክሮቼ ስሕተት ነበሩ። ለምን ስሕተት እንደ ሆኑ ማስረዳት የዛሬው ንግግሬ ዋና ጉዳይ ነው።

በቅድሚያ ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። በሕዝባችን አነጋገር «ሪህ» ሰፊ ቃል ነው። ጉልበታቸው የደከመ እናት፣ ብርድ ሲመታው ወገቡ የሚያዝ ገበሬ፣ ሁሉም «ሪህ አለብኝ» ይላል። እኛ የምንናገርለት ሪህ ግን ከዩሪክ አሲድ የሚመጣው ብቻ ነው። ዩሪክ አሲድ ፑሪን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ሲፈራርሱ የሚቀር ዝቃጭ ሲሆን፣ ሁለት ሦስተኛው ያህል ከራሱ ከሰውነት ሕዋሳት፣ የቀረው ከምግብ ይገኛል። በአብዛኛው የሚያስወግደውም ኩላሊት ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን በዴሲሊትር ከ6.8 ሚሊግራም ሲያልፍ መሟሟት ያቅተውና በመገጣጠሚያዎች ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ ቅንጣቶች ሆኖ ይቀመጣል። ሰውነት እነዚህን ቅንጣቶች እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዘምትባቸው ያ ኃይለኛ ሥቃይ ይነሣል። ይህም ማካርቲና ሆላንደር የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1961 ከመገጣጠሚያ በተቀዳ ፈሳሽ ውስጥ ቅንጣቶቹን በልዩ ማይክሮስኮፕ ለይተው ካሳዩ ወዲህ የተረጋገጠ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሕመሙ በተነሣበት ሰዓት የደም ምርመራው ደኅና መስሎ ሊታይ መቻሉ ነው። ስለዚህ ሕመሙ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ መድገም ያሻል። ብርቱ ትኩሳት ያለበት፣ አንድ መገጣጠሚያው ብቻ ያበጠ በሽተኛ ሲመጣ ደግሞ መግል የቋጠረ ሊሆን ስለሚችል፣ ሪህ ነው ብሎ ማሰናበት አደጋ አለው።

ሕመሙ ሲነሣ ቁም ነገሩ ፍጥነት ነው፤ ሕክምናው በመጀመሪያው ቀን ቢጀመር ይበጃል። ኩላሊቱና ጨጓራው ደኅና ለሆነ ሰው ኢንዶሜታሲን ወይም ዳይክሎፌናክ ይሰጣል። ለማይስማማው ሐኪሙ ፕሬድኒሶሎን በቀን ከ30 እስከ 35 ሚሊግራም ለአምስት ቀን ያህል ሊያዝለት ይችላል። ኮልቺሲንን በተመለከተ፣ የቀድሞው ልማድ በሽተኛውን እስኪያስቀምጠው ድረስ በየሰዓቱ መስጠት ነበር። ያ አሠራር ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ጥቂቱ መጠን ከብዙው ባልተናነሰ እንደሚያሽልና ጉዳቱም እጅግ ያነሰ እንደ ሆነ ስላሳየ፣ ዛሬ 1 ሚሊግራም ተሰጥቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግማሽ ሚሊግራም ይጨመርና በዚያ ቀን ይበቃል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን ይህም ጥንቃቄ ይፈልጋል።

በቤት ውስጥ የሚደረገው እርዳታ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ይፈጸማል። የጋለ ጨው በጨርቅ ቋጥሮ መተኮስና እግሩን ለወጌሻ ሰጥቶ ማሳሸት የተለመደ ነው። ወጌሻ ለወለምታ ባለሙያ ነው፤ በዚህ በሽታ ግን እጁን ቢሰበስብ ይሻላል። እግሩ በትራስ ከፍ ብሎ ይረፍ፤ በረዶ ቢገኝ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ባይገኝ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ፎጣ ለሃያ ደቂቃ ያህል ይደረግበት። የአልጋ ልብሱ እግሩን እንዳይነካ ከግርጌ በካርቶን ወይም በዝቅተኛ በርጩማ ደገፍ ማድረግ የሚሰጠውን እፎይታ የቀመሰው ብቻ ያውቀዋል። ልቡ ወይም ኩላሊቱ ካልከለከለው ውኃ በብዛት ይጠጣ። አስፕሪን ለዚህ ሕመም ማስታገሻ አይሆንም፤ በትንሽ መጠን ሲወሰድ ዩሪክ አሲድን ያከማቻል። ሐኪም ለልብ ያዘዘለት ግን በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ።

አሁን ወደ ልብስ ሰፊው አሎፑሪኖል እንመለስ። መድኃኒቱን ከፈለሰፉት መካከል ገርትሩድ ኤሊዮንና ጆርጅ ሂቺንግስ እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሽልማቱ ቢገባቸውም በየጤና ጣቢያው መድኃኒቱን እንደ እኔ የሚያስጥል ሰው መኖሩን የነገራቸው ያለ አይመስለኝም። አሎፑሪኖል በደም ውስጥ ያለውን ዩሪክ አሲድ ሲቀንስ ለዓመታት የተጋገረው ቅንጣት መሟሟትና መነቃነቅ ይጀምራል። አሮጌ የጭቃ ምርጊት ሲፈርስ አቧራ እንደሚነሣ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመሙ ሊቀሰቀስ ይችላል። ይህ የመድኃኒቱ መሥራት ምልክት እንጂ መርዝነቱ አይደለም። ስለዚህ በሽተኛው አስቀድሞ ይነገረው። ከ100 ሚሊግራም ሳይበልጥ፣ ኩላሊቱ ለደከመ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ተጀምሮ፣ በየጥቂት ሳምንቱ ደም እየተለካ ከ6 ሚሊግራም በታች እስኪወርድ ቀስ በቀስ ይጨመር። ከሦስት እስከ ስድስት ወር በየቀኑ ጥቂት ኮልቺሲን አብሮ ቢሰጥ መቀስቀሱ ይቀንሳል። ሕመም ሲነሣ አሎፑሪኖል አይቋረጥም። የሚቋረጠው በሰውነት ላይ ሽፍታ ሲወጣ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሳይውል ሳያድር ቆሞ ወደ ሐኪም ይኬድ፤ አልፎ አልፎ ለሕይወት የሚያሰጋ ይሆናልና።

ስለ ምግብ ያለን እምነት ከልክ አልፏል። ብርቱ ቁጥብነት እንኳ ዩሪክ አሲድን የሚቀንሰው 1 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው፤ መድኃኒትን አይተካም። ቢሆንም የትኛው ምግብ እንደሚጎዳ ማወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ፣ 47,150 ወንዶችን ለአሥራ ሁለት ዓመት የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት ሥጋና የባሕር ምግብ ሪህን እንደሚያበዙ፣ ወተትና የወተት ተዋጽኦ እንደሚቀንሱ፣ ፑሪን ያላቸው አትክልትና ጥራጥሬ ግን እንደማያበዙ አሳይቷል። እንግዲህ በዓመት ከግማሽ በላይ ቀን የሚጾም ክርስቲያን ሽሮና ምስር ከተከለከለ ምን ይብላ? እኔ ልብስ ሰፊውን በባዶ እንጀራ ያስቀጣሁት ያለ በቂ ምክንያት ነበር። መጠንቀቅ የሚገባው ከጾሙ ይልቅ ከፍስኩ ነው። ሁለት ወር ያህል ከሥጋ ርቆ የቆየ ሰው በፋሲካ ማግሥት ዱለቱን፣ ጉበቱን፣ ጥሬ ሥጋውን ከቢራ ጋር ሲያወርደው ሕመሙ በዚያው ሳምንት ቢመጣ አይደንቅም። ከመጠጥ ሁሉ ቢራ የከፋ ነው፤ ከብቅል የሚጠመቀውን ጠላም ከዚያው ወገን መቁጠር ይሻላል። አረቄም አይምርም፤ ጠጅ ደግሞ አልኮሉ ሳያንስ ከማር ነው። ስኳር የበዛበት ለስላሳ መጠጥም ዩሪክ አሲድን ስለሚያበዛ «እኔ መጠጥ አልቀምስም» የሚለውን ሰው ሁሉ ጠይቁት። የሚጾም ሰው፣ ክርስቲያንም ሆነ በረመዳን የሚጾም ሙስሊም፣ በሚፈቀድለት ሰዓት ውኃ እንዳይጎድለው ምከሩት።

ምግብን ስንወነጅል የምንዘነጋው የራሳችንን መድኃኒት ነው። ለደም ብዛት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ፓይራዚናማይድ ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋሉ። የነቀርሳው ሕክምና በዚህ ምክንያት እንዲሁ አይቋረጥም። የደም ብዛቱ ግን በሎሳርታን ሊተካ መቻሉን ሐኪሙን ማሳሰብ የእኛ ፋንታ ነው።

በመጨረሻም የእኛን ሙያ በቀጥታ የሚመለከተውን ልንገራችሁ። በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ በነርሶች የተያዙትን የሪህ በሽተኞች እንደ ወትሮው በሐኪሞች ከተያዙት ጋር አነጻጽሯል። ከሁለት ዓመት በኋላ ዩሪክ አሲዳቸው ከ6 ሚሊግራም በታች የወረደላቸው በነርሶቹ ወገን ከመቶ 95፣ በሐኪሞቹ ወገን ከመቶ 30 ነበሩ። መድኃኒቱ ያው ነው። ነርሶቹ ያደረጉት በሽታውን ማስረዳት፣ የበሽተኛውን ሥጋት መስማት፣ ደም መለካትና መጠኑን መጨመር ነው። እኔ በምሠራበት ክፍል ለዚሁ አንድ ተራ ደብተር ከፍተናል፤ ስም፣ የተለካበት ቀን፣ ቁጥሩ፣ የመድኃኒቱ መጠን፣ የሚመለስበት ቀን ይጻፍበታል። በቀጠሮው ያልመጣውን በስልክ እንጠራለን። ልብስ ሰፊውም ከተመዘገቡት አንዱ ናቸው፤ ባለፈው ልኬት 5.8 ነበሩ።