ጣት የሚነካውና ጆሮ የሚሰማው

በራዲዮ የተደረገ ንግግር



በመሥሪያ ቤት ሲደክም ውሎ ወደ ቤቱ ለሚገባ ሰው ሙዚቃ ምን ያህል ዕረፍት እንደሚሰጥ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከመካከላችሁም በቤቱ አንድ ኪቦርድ ያኖረ፥ ልጁ «አዲስ ይገዛልኝ» እያለ የሚያስጨንቀው፥ ወይም በሰንበት ሰርግ ላይ እየተጫወተ ደመወዙን የሚደጉም ሰው እንዳለ አውቃለሁ። የሁሉም ምኞት አንድ ነው፤ ይኸውም የተሻለ ድምፅ ማግኘት ነው። ነገር ግን ድምፅ ከወዴት እንደሚመጣ ሳይመረምሩ የወራት ቁጠባን አውጥቶ መግዛት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደ ተባለው ይሆናል። ስለዚህ ዎርክስቴሽን ከሚባለው ሙሉ መሣሪያና ሳውንድ ሞጁል ከሚባለው የድምፅ ሣጥን የትኛውን መምረጥ እንደሚገባ በዛሬው ንግግሬ ጥቂት ላስረዳችሁ አስቤአለሁ።

ክራር በሚመታበት ጊዜ ጣት የነካው አውታር ራሱ ይጮኻል። በኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ቁልፉ «ይህ ኖታ ተነክቷል፥ የተነካውም በዚህ ያህል ኃይል ነው» ብሎ ያስታውቃል እንጂ የራሱ ድምፅ የለውም። ለዚህ ማስታወቂያ መልስ የሚሰጠው በመሣሪያው ሆድ ውስጥ ያለው የድምፅ ምንጭ ነው። በእኛ በጸሐፊዎቹ ቋንቋ ለመናገር፥ ቁልፉ ደብዳቤ ተቀብሎ የሚመራ መዝገብ ቤት ነው፤ መልሱን የሚጽፈው ግን ጉዳዩ የሚመለከተው ክፍል ነው። መልሱ መጥፎ በሆነ ጊዜ መዝገብ ቤቱን መለወጥ ምን ይጠቅማል?

እነዚህ ሁለቱ ክፍሎች ተለያይተው እንዲሠሩ ያስቻለው ሚዲ የሚባለው የጋራ ቋንቋ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1983 በጥር ወር፥ በካሊፎርኒያ በተደረገ የሙዚቃ መሣሪያዎች ትርዒት ላይ፥ በአሜሪካ የተሠራው ፕሮፌት-600 እና የጃፓኑ ሮላንድ ጁፒተር-6 በገመድ ተያይዘው፥ አንዱ ሲነካ ሌላው ሲጮኽ ታየ። የሁለት ተወዳዳሪ ኩባንያዎች ዕቃ እንዲህ መግባባቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ከዚያም ወዲህ ቁልፍ የሌለው የድምፅ ሣጥን ለብቻው መሸጡ እየተስፋፋ ሄደ።

በ1988 የወጣው ኮርግ ኤም1 ቁልፎችን፥ የድምፅ ምንጭን፥ የከበሮ ድምፆችንና 8 መሥመር ያለውን የዜማ መመዝገቢያ በአንድ አካል አዋሕዶ ስለ ነበር፥ ዎርክስቴሽን የሚለውን ስም በዓለም አስታወቀ። ይኸው መሣሪያ ቁልፉ ተነሥቶለት ኤም1አር በሚል ስም በሣጥን መልክ ቀረበ። ሮላንድም በ2004 ፋንተም-ኤክስን በቁልፍ፥ ፋንተም-ኤክስአርን በሣጥን አወጣ። እንግዲህ ከአንድ ቤት የወጡ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች በድምፅ ወንድማማቾች ናቸው፤ ዎርክስቴሽን የሚለው ስም ብቻውን ድምፅን አያሳምርም ማለት ነው።

ታዲያ ምርጫው በምን ይወሰናል ብትሉኝ፥ በሚጐድላችሁ ነገር ነው እላለሁ። ምንም መሣሪያ የሌለው፥ ወይም ዜማውንም ከበሮውንም አጃቢውንም ብቻውን አቀነባብሮ ለመመዝገብ የሚፈልግ ሰው ዎርክስቴሽን ቢገዛ ሁሉን በአንድ ስፍራ ያገኛል። ጣቱ የለመደው፥ ቁልፉም ያልላላ ኪቦርድ ያለው ሰው ግን፥ ያንን ሸጦ ሌላ ቁልፍ በውድ ዋጋ ከሚገዛ፥ የድምፅ ሣጥን ቢጨምርበት ገንዘቡ በሙሉ ለድምፅ ይውልለታል።

ሆኖም ሣጥኑም የራሱ ጣጣ አለው። አስቀድሞ ኪቦርዳችሁ በስተኋላው ባለ 5 ቀዳዳ የሚዲ መውጫ እንዳለው ተመልከቱ። ከኮምፒዩተር ጋር ብቻ የሚያገናኝ የዩኤስቢ መውጫ ያለው ከሆነ፥ ከአሮጌ ሣጥን ጋር ያለ ሌላ አገናኝ ዕቃ አይነጋገርም። ደግሞም የእነዚህን ሣጥኖች ሥራ ዛሬ በብዛት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ስለ ወረሰው፥ ገዢው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ያገለገለ ዕቃ ነው። እንደዚህ ያለውን ስትገዙ የመስኮቱ ብርሃን አለመደብዘዙን፥ የድምፅ መውጫዎቹ አለመንኰሻኰሻቸውን፥ በውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪም አለማለቋን መርምሩ፤ ባትሪዋ ያለቀች እንደ ሆነ ያሰናዳችሁት ድምፅ ሁሉ ይጠፋል።

አሁን ደግሞ የራሴን ስሕተት ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአሮጌ ኪቦርዴ ድምፅ ቆርቆሮ ቆርቆሮ እያለ አስቸገረኝና፥ ከደመወዜ እየቆጠብሁ አንድ ትልቅ ዎርክስቴሽን ገዛሁ። ቤት አምጥቼ ከዚያችው ከትንሿ ድምፅ ማጉያዬ ጋር ባገናኘው ያው ቆርቆሮ ጮኸ። አንድ ወዳጄ ደህና ድምፅ ማጉያ አውሶኝ አሮጌውን በእርሱ ብሞክር፥ ስንት ዓመት ስነካው ሰምቼው የማላውቀው የባስ ድምፅ ከውስጡ ወጣ። የወቀስሁት ዕቃ ጥፋተኛ አልነበረም፤ ጥፋተኛው መርማሪው ነበር። ስለዚህ እናንተ ከሁለቱ አንዱን ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን መሣሪያ በመልካም ድምፅ ማጉያ ወይም በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ስሙት።

የአገራችንን ዜማ ለሚጫወት ሰው ከዚህ የሚበልጥ አንድ ነገር ይቀራል። ኪቦርድ የተቃኘው ግማሽ ድምፅ ሁሉ እኩል 100 ሴንት እንዲሆን ነው፤ ክራርና መሰንቆ የለመዱት የአንቺ ሆዬ ወይም የአምባሰል ቅኝት ግን ሁልጊዜ በዚህ ልክ አይወድቅም። ስለዚህ ሻጩ ስለ ሺህ ድምፆች ሲነግራችሁ፥ ከ12ቱ ኖታዎች እያንዳንዱን ለብቻው ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻል እንደ ሆነ ጠይቁት። ይህ የሌለው መሣሪያ መለከቱ ቢያምርም አምባሰልን ከመሰንቆ ጋር ሲጫወት እንግዳ ይሆናል።

የብዛት ነገር እንዳያታልለንም ኃይሉ መርጊያን እናስብ። በ1985 በዋሽንግተን ብቻውን በቀረጸው ሥራው አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከሲንተሳይዘር ጋር አዋሕዶ፥ በጥቂት ዕቃ ዛሬም የሚደመጥ ዜማ አስቀርቷል። ለዚህ ያበቃው የመሣሪያው ብዛት ሳይሆን የሚፈልገውን ድምፅ አጥርቶ ማወቁ ነው።

እንግዲህ ወደ ገበያ የምትሄዱ ሁሉ አስቀድማችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ የጐደለኝ ቁልፍ ነውን? የድምፅ ምንጭ ነውን? ወይስ ድምፅ ማጉያ? መልሱን ሳታገኙ የገንዘብ ቦርሳችሁን አትፍቱ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና።